ደወሉ ይዘግይ፣ በሩ ግን ይከፈት!

ከማኅበሩ ጸሐፊ ለሰፈሩ ነዋሪዎች የቀረበ አስተያየት



እንደምታስታውሱት ባለፈው እሑድ በተደረገው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ አራተኛው አጀንዳ «በብርዱ ወራት የጧቱ ትምህርት ዘግይቶ ይጀመር ወይስ አይጀመር?» የሚል ነበር። የቦይ ጠረጋው፣ የመንገድ መብራቱና የመዋጮው ጉዳይ በሰላም አለቀ። አራተኛው ላይ ስንደርስ ግን ጩኸት ሆነ። ግማሹ ቆመ፣ ግማሹ አጨበጨበ፣ አንዳንዱም ጋቢውን ተከናንቦ ወጣ። ውሳኔ ሳይሰጥ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ።

እኔ የዚያን ዕለት ቃለ ጉባዔ ያዥ ስለ ነበርኩ እጄ ሲጽፍ አፌ ዝም አለ። ጸሐፊ መሆን እንዲህ ነው፤ የሰውን ሐሳብ ስትጽፍ ውለህ የራስህ ሳይነገር ይቀራል። ስለዚህ ዛሬ የራሴን እጽፋለሁ። ሊቀ መንበሩ በሰሌዳው ላይ እንዲለጠፍ ፈቅደዋል፤ ሐሳቡ ግን የኔ እንጂ የኮሚቴው አይደለም። ትምህርቴ ከ6ኛ ክፍል ያለፈ ስላልሆነ በአጻጻፌ ስሕተት ብታገኙ ይቅርታ አድርጉልኝ። በሐሳቤ ስሕተት ካገኛችሁ ግን ይቅርታ አታድርጉልኝ፤ ተከራከሩኝ።

በመጀመሪያ አገራችንን እንወቅ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። አዲስ አበባ እንኳ ከእኛ ዝቅ ትላለች። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ሰማዩ ጥርት ይላል፤ ደመና የለም። ደመና ማለት ለመሬት ብርድ ልብስ ማለት ነው። ሰማዩ ሲገለጥ መሬቱ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊቱን ሲተፋ ያድርና፣ ብርዱ የሚብሰው እኩለ ሌሊት ላይ ሳይሆን ሊነጋጋ ሲልና ፀሐይ ብቅ ስትል ነው። ይህን ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል። ባቄላውን የሚመታው ያ የንጋት ውርጭ ነው። የሙቀት መለኪያው ሁለት ሦስት ዲግሪ እያለ ሣሩ ላይ አመዳይ የሚታየውም መሬቱ ከአየሩ ይልቅ ስለሚቀዘቅዝ ነው። የልጆቻችን እግር ደግሞ የሚረግጠው አየሩን ሳይሆን መሬቱን ነው።

ታዲያ የእኛ ብርድ እንደ ፈረንጅ አገር ብርድ ቀኑን ሙሉ የሚውል አይደለም። እኩለ ቀን ላይ ሹራብ አውልቀን ጥላ እንፈልጋለን። ብርዳችን የጥቂት ሰዓት ብርድ ነው። ፀሐይ በእነዚህ ወራት የምትወጣው ከ12 ሰዓት ከሩብ እስከ 12 ሰዓት ከ45 ገደማ ባለው ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዷ ግማሽ ሰዓት ዋጋ አላት። የማያምን ካለ ነገ ጧት 1 ሰዓት ላይ የግቢውን የብረት በር በባዶ እጁ ይንካ፤ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ደግሞ እንደገና ይንካ። መልሱን በሩ ይነግረዋል።

ልጆቻችን የሚማሩበት ትምህርት ቤት የጧት ፈረቃ እንዴት እንደሚሠራ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሰልፍ በ1 ሰዓት ከ45 ነው። ትምህርት በ2 ሰዓት ይጀመራል። በ1 ሰዓት ከ45 ሰልፍ ላይ ለመገኘት ከዳር ሰፈር የሚመጣ ልጅ በ1 ሰዓት ከቤቱ መውጣት አለበት፤ ለዚያ ደግሞ ገና ሳይነጋ መነሣት አለበት። በሰልፉ ላይ ሩብ ሰዓት በውርጭ ውስጥ ይቆማል። ትንሽ ያረፈደ እንደ ሆነ ደግሞ በሩ ይዘጋበታል።

አሁን በዓይኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። በታኅሣሥ መጀመሪያ ሳምንት አንድ ማክሰኞ ጧት ወደ ማኅበሩ ቢሮ ስሄድ ከተዘጋው በር ውጪ ልጆች ቆመው አየሁ። ቆጠርኳቸው፤ 23 ነበሩ። ጥበቃው «የታዘዝኩትን ነው የምሠራው እትዬ» አለኝ፤ እውነቱን ነው፣ በእሱ አልፈርድም። ከልጆቹ መካከል ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ካልሲ የሌለው የላስቲክ ጫማ ያደረገች ልጅ ነበረች። እጇን በብብቷ ሸጉጣ ቆማለች። አታለቅስም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ሦስቱን ትናንሾች ይዤ ወደ ቢሮ ገባሁና ሻይ አፈላሁላቸው። ያቺ ልጅ ብርጭቆውን መጨበጥ አቃታት። ቆፈን ይዟት ጣቷ አልታዘዝ አለ። እኔው እያጎረስኩ አጠጣኋት። ትንሽ ሞቅ ሲላት የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል «ስሜን ጽፈውብኛል?» የሚል ነበር። ቀሪ ተብላ እንዳትመዘገብ ነው የፈራችው።

እኔ ይህን ስሰማ ከሠላሳ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ሄድኩ። እኔም በዚሁ አገር፣ በዚሁ ውርጭ ነው ያደግሁት። ውኃ ቀድቼ፣ ለወንድሞቼ ቂጣ ጋግሬ ስደርስ በሩ ይዘጋ ነበር። አንድ ቀን ተመለስኩ፣ ሁለት ቀን ተመለስኩ። በ6ኛ ክፍል የታኅሣሥና የጥር ቀሪዬ በዛና ክፍል ደገምሽ ተባልኩ። እናቴም «እንግዲህ ከበር ከምትመለሺ ከቤት ዋይ» አለችኝ። በዚያው ቀረሁ። ብርድ ገደለኝ አልልም፤ ይኸው በሕይወት አለሁ። ነገር ግን ከትምህርት ያስቀረኝ ስንፍናዬ አልነበረም፤ የተዘጋ በር ነው።

አሁን በስብሰባው ወደ ተነሡት ተቃውሞዎች ልግባ። አንድ በአንድ እመልሳለሁ።

አንደኛ፤ «እኛም በባዶ እግራችን በአመዳይ ላይ ሄደን ተምረናል፣ ምን ሆንን?» የተባለው ነው። ይህን የተናገሩት የማከብራቸው አባታችን ናቸው። በኋላም ወደ እኔ ዞረው «አንቺ ልጅ፣ ይህን አስፍረሽ ጻፊው» ብለውኛል፤ ጽፌዋለሁ። እንግዲህ አባባ፣ በክብር ልመልስልዎ። እርስዎ ተምረዋል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ነገር ግን ከእርስዎ ጋር የጀመሩት ልጆች ሁሉ ጨርሰዋል? «እኛ ምን ሆንን» የሚለው ያለፈው ብቻ ነው፤ የቀረው በስብሰባ ላይ ተነሥቶ አይናገርም። እሱ ወይ እንጨት ሊለቅም ሄዷል፣ ወይም እንደኔ ቤት ውሏል። የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም ይባላል፤ የሞቀውም የበረደው ያለ አይመስለውም። ደግሞስ እኛ በኩራዝ ስላጠናን ልጆቻችን አምፖል ያጥፉ እንላለን ወይ? መከራን ለልጅ ማውረስ ውርስ አይደለም።

ሁለተኛ፤ «ልጅ ብርድ ካልቻለ ሰነፍ ይሆናል» የሚል ነው። እኔ የምጠይቀው በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ምን ይማራል ነው። ጣቱ የቆፈነ ልጅ እርሳስ አይጨብጥም። ጥርሱ የሚንቀጠቀጥ ልጅ ፊደል አይቆጥርም። መምህራኑን ጠይቄአለሁ፤ «የመጀመሪያዋ ክፍለ ጊዜ እጅ በማሸትና ቦታ በማስያዝ ታልቃለች» ነው ያሉኝ። ስለዚህ ያ ሰዓት ዛሬም ቢሆን በእጃችን የለም። ስሙ ትምህርት ይባላል እንጂ ብርድ መጠበቂያ ነው።

ሦስተኛ፤ «ብርድ በሽታ አያመጣም፣ ሐኪሞች ራሳቸው ተናግረዋል» ያሉ ወጣቶች ነበሩ። በዚህ በከፊል እስማማለሁ። የሳንባ ምች የሚመጣው ከተሕዋስያን እንጂ ከውርጭ ብቻ እንዳልሆነ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አስረድታኛለች። ለዚህ ነው ክርክሬን በበሽታ ፍርሃት ላይ ያልመሠረትኩት። ነገር ግን አስም ላለበት ልጅ ቀዝቃዛና ደረቅ አየር ደረቱን እንደሚያጠብበት የታወቀ ነው። ሌላም አለ። ጨለማ ሳይገፍ ልጅ የሚቀሰቅስ ወላጅ ቤቱን የሚያሞቀው በምንድን ነው? በከሰል ነው። በርና መስኮት ዘግቶ፣ ፍም መሐል አገር አስቀምጦ ልጅ ያለብሳል። የከሰል ጢስ የሌለው ጋዝ ሽታም መልክም የለውም፤ ሰው ሳይታወቀው ያዞረዋል፣ ይገድላልም። ትምህርቱ ፀሐይ ከሞቀች በኋላ ቢሆን ያ ፍም ባልተቀጣጠለ ነበር። ይህን እግረ መንገዴን ለሁላችሁም አሳስባለሁ፤ ከሰል ውጪ ይቀጣጠል፣ ቤት ከገባም በርና መስኮት ክፍት ይሁን፣ ማታ ከሱ ጋር አይተኛ።

አራተኛ፤ «ሹራብና ጫማ ማልበስ የወላጅ ግዴታ ነው፤ ሰዓት ከመቀየር ልጅን ማልበስ ይቀላል» የሚል ነው። ግዴታ መሆኑን ማን ካደ? ሌላው አገር ብርድ ልብስ የሚያውቀን ከተማ ነን፤ ፋብሪካው ያለው በእኛው ከተማ ነው። ነገር ግን ብርድ ልብስ የሚሠራ ከተማ ሁሉ ብርድ ልብስ የጠገበ አይደለም። በሰፈራችን አንድ ሹራብ ለሁለት ልጅ፣ አንዱ በጧት ፈረቃ አንዱ በከሰዓት ፈረቃ እየተለዋወጡ የሚለብሱት ቤት አለ። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ተፈናቅለው ወደ ከተማችን የመጡ ወገኖቻችን ልጆችም አሉ፤ ይህን ብርድ ከዚህ በፊት አያውቁትም። ልብስ እንሰብስብ ከተባለ ማኅበሩ ዛሬውኑ ይጀምራል፣ እኔም ቀዳሚ ነኝ። ልብሱ ግን እስኪሰበሰብ ፀሐይን ማን ከለከለን? ፀሐይ በነፃ ነች።

አምስተኛ፤ ይህ ከሁሉ የከበደኝ ተቃውሞ ነው። አንዲት እናት ተነሥታ «እኔ ፋብሪካ ነው የምሠራው፤ ጧት ሰርቪስ ይጠብቀኛል። ትምህርት ቤቱ ቢዘገይ ልጄን ለማን ጥዬ ልሂድ?» አለች። ስትናገር ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። በእውነት ይህ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እኔም አላሰብኩበትም ነበር። የኢንዱስትሪ ፓርኩና ፋብሪካዎቹ ከመጡ ወዲህ በሰፈራችን ከንጋት በፊት የሚወጣ ወላጅ በዝቷል። ትምህርት ቤቱ ቢዘገይ ወላጅ አይዘገይም። ልጁ በለመደበት ሰዓት ይመጣል፤ በሩ ተዘግቶ ያገኘዋል፤ ከበፊቱ ይልቅ ረዥም ሰዓት በውጪ ይቆማል። ያን ጊዜ እኛ ለልጅ አዘንን ብለን ልጅ ቀጣን ማለት ነው።

ስለዚህ ነው የኔ ሐሳብ «ትምህርት ቤት ይዘግይ» ከሚሉትም፣ «እንደነበረ ይቀጥል» ከሚሉትም የሚለየው። እኔ የምለው፣ የሚዘገየው ደወሉ ይሁን እንጂ በሩ አይሁን ነው። በሩ በ1 ሰዓት ይከፈት። ቀድሞ የመጣ ልጅ ነፋስ በማይገባበት ሁለት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ይቆይ። ዘግይቶ መምጣት የሚችል ደግሞ ከፀሐይዋ ጋር ይምጣ። ልጆቹን ማን ይጠብቃል ቢባል፣ ማኅበራችን ከጡረተኞችና ከወላጆች በተራ ሁለት ሁለት ሰው ሊመድብ ይችላል። ለቀብርና ለልቅሶ ድንኳን በተራ የምንተክል ሰዎች ለሕፃናት በተራ መቀመጥ ያቅተናል ወይ?

ስድስተኛ፤ «የፈረቃው ሰዓት ይዛባል፣ ትምህርት ይጎድላል» የተባለው ነው። እስቲ በሒሳብ እንየው። የጧት ፈረቃ ስድስት ክፍለ ጊዜ አለው፤ እያንዳንዱ 40 ደቂቃ ነው። ድምሩ 4 ሰዓት ነው። የ15 ደቂቃ ዕረፍት ሲጨመር 4 ሰዓት ከሩብ ይሆናል። ዛሬ በ2 ሰዓት ተጀምሮ በ6 ሰዓት ከሩብ ያልቃል። በ2 ሰዓት ተኩል ቢጀመር በ6 ሰዓት ከ45 ያልቃል። የከሰዓቱ ፈረቃ የሚገባው በ7 ሰዓት ነው፤ እሱን በ7 ሰዓት ከሩብ ብናደርገው በመካከሉ ለመምህራን ምሳና ለክፍል ጽዳት ግማሽ ሰዓት ይቀራል። ዛሬ 45 ደቂቃ ነው፤ 15 ደቂቃ ከመምህራኑ እንደምንወስድ አልክድም፣ ስለዚህ እነሱን ሳናማክር አንወስን። የከሰዓቱን ዕረፍት ከ15 ወደ 5 ደቂቃ ዝቅ ብናደርግ ልጆቹ በ11 ሰዓት ከ20 ይወጣሉ። ዛሬ የሚወጡት በ11 ሰዓት ከሩብ ነው። የተጨመረባቸው 5 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ገደማ ስለሆነ በብርሃን ቤታቸው ይገባሉ።

የሰንደቅ ዓላማው ሰልፍስ? ሰልፉ ይቅር አላልኩም፤ እንዲህ ብላለች ብሎ የሚያወራ ካለ ዋሽቷል። በብርዱ ወራት ሰልፉ በዕረፍት ሰዓት፣ ፀሐይ ግቢውን ከሞላች በኋላ ይደረግ ነው የምለው። ልጅ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ እጁን ከብብቱ አውጥቶ መዝሙሩን ቢዘምር ለሰንደቁ ክብር ነው እንጂ ውርደት አይደለም። በዚህ አኳኋን ልጁ ዛሬ በ1 ሰዓት ከ45 መድረስ ሲኖርበት፣ ያን ጊዜ በ2 ሰዓት ተኩል ቢደርስ ይበቃዋል። 45 ደቂቃ አተረፍንለት ማለት ነው። የጎደለ ክፍለ ጊዜ ግን የለም። አንድም!

ሰባተኛ፤ «እንዲህ ያለ ነገር ከላይ መመሪያ ካልመጣ አይሆንም» ያሉ አሉ። በትምህርት ቤቱ በኩል መጠየቅ እንዳለበት እኔም አምናለሁ። ግን መመሪያ የሚመጣው የሚጠይቅ ሲኖር ነው። በሞቃታማው ቆላ አገራችን፣ በአፋርም በጋምቤላም፣ ፀሐዩ ሳይበረታ በጧት ተገብቶ በቀትር ረዘም ያለ ዕረፍት ይወሰዳል። ለሙቀት ሰዓት መቀየር ከተቻለ ለብርድ የማይቻልበት ምክንያት ምንድን ነው? ትምህርት ቤት በክረምት የሚዘጋውስ ለምን ይመስላችኋል? ዝናቡ፣ ጭቃውና የወንዝ ሙላቱ ታስቦ አይደለም ወይ? የትምህርት ዘመናችን ራሱ ከመጀመሪያው ለአየር ጠባይ የተሰፋ ልብስ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘግተው በ2013 ዓ.ም. ሲከፈቱ፣ በፈረቃና ቀን በማፈራረቅ አልተማሩም እንዴ? ያን ጊዜ ሰዓቱ ከድንጋይ የተጠረበ እንዳልሆነ አይተናል።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። በውጪ አገር ዘመድ ያላቸው አንዳንድ ሰዎች «አሜሪካ እንደሚደረገው፣ ብርድ በጠና ቀን ብቻ ማታውኑ በስልክ ይነገረንና በማግሥቱ ይዘግይ» ብለዋል። በሐሳቡ አልቀልድም፤ እዚያ ለእያንዳንዱ ቤት መልእክት ይደርሳል፣ ልጁንም አውቶቡስ ከበር ያነሣዋል። እዚህ ግን ስልክ የሌለው ቤት አለ፤ መብራት ጠፍቶ ስልኩ የሞተበትም አለ። ማስታወቂያው ያልደረሰው ልጅ ነው በውርጩ ውስጥ የሚቆመው፤ እሱም ድሀው ልጅ ነው። ስለዚህ ቁርጥ ያለ ወቅት ይሻለናል። ከኅዳር 1 እስከ ጥር 30 ይሁን። ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም አይታለልም። የካቲት ሲገባ ወደ ድሮው ሰዓት እንመለሳለን።

በአጭሩ የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው፤

1ኛ/ ከኅዳር 1 እስከ ጥር 30 የጧት ፈረቃ ትምህርት በ2 ሰዓት ተኩል ይጀመር፤

2ኛ/ የግቢው በር በ1 ሰዓት ይከፈት፣ ሁለት ክፍሎችም ቀድመው ለሚመጡ ልጆች ይዘጋጁ፤

3ኛ/ በእነዚህ ወራት ሰልፉ በዕረፍት ሰዓት ይደረግ፤

4ኛ/ ያረፈደ ልጅ በምክር ይታረም፣ ወላጁም ይጠራ፤ በብርድ ከበር ውጪ ማቆም ግን ፈጽሞ ይቅር፤

5ኛ/ ማኅበራችን የተራ ጠባቂዎችን ይመድብ፣ ልብስና ጫማም ያሰባስብ።

ከአምስቱ አንዱን ብቻ ምረጪ ብትሉኝ አራተኛውን እመርጣለሁ። ሰዓቱ ባይቀየር እንኳ በሩ ይከፈት። የትምህርት ቤት በር ልጅን ከውጪ ለማስቀረት አልተሠራም።

ይህን ጥያቄ ለወላጅ መምህር ኅብረት (ወመህ) ለማቅረብ የድጋፍ ፊርማ ያስፈልገናል። የፊርማው ወረቀት በማኅበሩ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ አለ። መጻፍ የማይችል በጣቱ ይፈርም። የማትስማሙም ቅር አይበላችሁ፤ በዚህ ጽሑፍ አጠገብ በሰሌዳው ላይ ባዶ ቦታ ትቼላችኋለሁ። የተቃውሞ ጽሑፋችሁን ስጡኝ፣ አንድ ፊደል ሳልነካ እለጥፈዋለሁ። ጭምጭምታ ግን አልቀበልም፤ በጠላ ቤት የሚባለው ነገር እዚህ በግልጽ ይባል።

እስከዚያው አንድ አደራ አለኝ። ከመፈረማችሁም፣ ከመቃወማችሁም በፊት አንድ ቀን ጧት በ1 ሰዓት ከ45 ጋቢያችሁን ቤት ትታችሁ ኑና በዚያ በር አጠገብ ሩብ ሰዓት ቁሙ። ሩብ ሰዓት ብቻ። ከዚያ በኋላ ወደ ቢሮዬ ግቡ፤ ሻይ አፍልቼ እጠብቃችኋለሁ። እስክሪብቶውን መጨበጥ ከቻላችሁ በፈለጋችሁት በኩል ፈርሙ።

ደወሉ ይዘግይ! በሩ ይከፈት!

የማኅበሩ ጸሐፊ